በቀስታ ይያዝ

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣
የኔ ግን ከከዚራ በኢብሳ ሚኒባስ ሽቅብ ይሰደዳል።

ጎህ ሳይቀድ ተነሣሁ፣ ድሬ ሳትግል በፊት፣
ከቀዝቃዛው ጓዳ አወጣሁ የአምስት ቀን ሀብት፤
እጄን ታጠብኩ እንጂ እነሱን አላጠብኩም፣
ስስ ልባስ አላቸው፣ አንዴ ከለቀቀ ዳግም አይገኝም።
ሹሉን ወደ ታች፣ ደንዳናውን ወደ ላይ፤
እዚያች ጫፍ ላይ አለች፣ ለሚመጣው ጫጩት፣
የመጀመሪያ ሰማይ።

አሥራ ሁለቱን ሁሉ በጋዜጣ ጠቀለልኩ፣
በሰጋቱራ ላይ አንድ በአንድ ደረደርኩ፤
ካርቶኑን ነቅንቄ ጆሮዬን አስጠጋሁ፣
ቅጭል ሲል ፈታሁት፣ ዝም ሲል ግን ረጋሁ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ በባቡር መጋዘን፣
የሰው ሸቀጥ ሳስር፣ የሰው ሸቀጥ ስመዝን፣
እንዲህ ያለ ጭነት አልገጠመኝም ነበር፤
ክብደቱ ሃምሳ ግራም የማይሞላ፣ ሆዱ ግን መንደር።

«በቀስታ ይያዝ» ብዬ ጻፍኩበት በቀይ ቀለም፤
ኢብሳ ሳቀብኝ፦ «ጋሼ፣ ደንገጎ እኮ ማንበብ አይችልም!»

ከላይ ጫት የጫነው አይሱዙ ይበራል፣
ቅጠሉ ሳይጠወልግ መድረስ ያጣድፈዋል፤
ከታች የኛ ሚኒባስ ጠርዝ ይዞ ይድሃል፣
አስኳል እንዳይናወጥ ጉድጓዱን ሁሉ ይለምናል።
ረዳቱ ካርቶኑን በጭኑ ታቅፏል፤
ታሪፍ ስለከፈልኩለት መንገደኛ መስሏል።

ሸዋ በር ላይ ቆማ የምትቀበለው መፍቱሃ ናት።
ፊቷን አላውቀውም፤ ድምጿን ነው የማውቀው፣
ስድስት ዓመት ሙሉ በስልክ የማደምጠው።
«ደረሱ» አለችኝ፤ «አንዱ ተሰንጥቋል፤
በሻማ ደፈንኩት፣ ምን ይታወቃል።
ዛሬ ግን ይረፉ፤ መንገድ ያደክማል፣
ነገ አመሻሹን ከእናት ሥር ይገባል።»

ገንዘብ የለም በመሃል፤ መዝገባችን ክንፍ ነው፣
የኔ አንገተ መላጣ፣ የሷ ገብስማ ነው።
ደግሞም ተጣልተናል፤ «ስምንቱ ውሃ ሆኑ፣ አውራህ ደክሟል» ብላ፤
ለወር አኮረፍኳት፤
አውራውን ግን ለወጥኩ፣ በስውር፣ በሌላ።

ከዓመት በኋላ፣ በግንቦት፣ ፈንግል ገባ ግቢዬ።
ሰኞ ሁለት ወደቁ፤
ኀሙስ አሥራ ስድስቱን ቀበርኩ በአካፋዬ።
ኖራ ነዛሁበት፣ ቆጡን አቃጠልኩት፣
የጠዋቱን ጩኸት በሬዲዮን ተካሁት።
ለመፍቱሃ አልደወልኩም። ምን ብዬ ልደውል?
ሰው አልሞተብኝም፤ ዶሮ ነው ይባላል፤
ይባል።

ጥቅምት ላይ ኢብሳ መጣ፣ ክላክሱን ነፍቶ፣
ካርቶን አቀበለኝ፣ ሂሳቡን ትቶ።
የራሴ ካርቶን ነው፤ የራሴ ቀይ ጽሑፍ፣
ጠርዙ ተሸራርፎ፣ ደብዝዞ በዕድፍ።
ውስጡ አሥራ አንድ እንቁላል፣ ሹሉ ወደ ታች ሆኖ፣
በስንዴ ገለባ ተኝቶ ተከድኖ።
የደብተር ቅዳጅም አለ፦

«ኢብሳ ነግሮኛል። አንተ ዝም ብትልም።
የልጅ ልጆችህ ናቸው። አንገታቸው ራቁት፣ የሐረር ብርድ አይስማማቸውም።
አባታቸው ያ በሻማ የደፈንኩት ነው፤
ጆሮ የሚያደነቁር ሆኗል።
እሱን ግን አልሰጥህም።»

ስቄ አነበብኩት፤ ደግሜ አነበብኩት፤
ወረቀቱን አጥፌ ደረት ኪሴ ከተትኩት።
የጎረቤት ቄብ አለች፣ መታቀፍ ያማራት፣
ለሃያ አንድ ቀን ብቻ ተበድሬያታለሁ፤
ግን ዛሬ አይደለም፣ ነገ ነው ቀጠሮዋ ማታ።

ካርቶኑን ከአልጋዬ አጠገብ አኖርኩት፣ ከመስኮቱ ርቆ፤
አንዱንም አልነካሁ።
መንገድ ያደክማል።
ሬዲዮኑን ዘጋሁ።