ፍሬኑ እምቢ አለ

ያን ሰሞን ፒካፔን ቀለም አስቀባኋት፤
ሰማያዊ፤ ዝንብ ቢያርፍባት የሚያዳልጠው፣
ጎኗን በጨርቅ ወልውዬ ለቦሎ አቀረብኋት።

ስንሻው መካኒኩ ግን ከጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ፣
ሆዷን በባትሪ እያየ፣ በግራሶ ተሸፍኖ፣
"ወንድሜ" አለኝ፣ "ቀለም ፊት ነው፤
እኔ የማየው አንጀት ነው።
ይኸውልህ የፍሬን ቱቦው፣ በጥፍሬ ስነካው ይረግፋል፤
ለውጠው። ከሶማሌ ተራ አራት ሜትር መዳብ
ብትገዛ ይበቃል፣ ይተርፋል።"

"ወር ይድረስ" አልሁት። ወሩ ወር ወለደ፤
ክረምት መጣ፤ ጭቃው ከሥር ተለጠፈ፣ ደረቀ፣ ሄደ፤
ሌላ ክረምት መጣ፣ እየላሰ ወረደ።
ብሩንማ ቀለሙ ወሰደ።

ዝገት አይጮህም።
ውሻ ቢሆን ይጮህ ነበር፤ ሌባም ቢሆን ኮቴ አለው፤
ዝገት የውሃ ልጅ ነው፣ የዝምታ ጥርስ ነው ያለው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከፒያሳ ጓሮ
የወይዘሮ እቴነሽን ቤት ጫንሁ፣ ሙሉውን ኑሮ፦
ፍራሽ፣ ሁለት ወንበር፣ የተጠቀለለ ምንጣፍ፣
ባለ መስታወት ቁምሳጥን፣ በገመድ የታሰረ፣
ቆሞ፣ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ።
እሷ ጋቢና ገባች፣ ቁልፉን በመሀረብ ቋጥራ፣
የሠላሳ ዓመት ጎረቤቷን አንድ በአንድ በጣቷ ቆጥራ።

ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል ቸርችል ሁሉን ይጋብዛል፤
ውሃም፣ ኳስም፣ ሚኒባስም ሳያስብ ይጓዛል።
ፊት ለፊቴ ቀዩ በራ።
ፔዳሉን ረገጥሁ።
ወለሉን ነካ።
ደገምሁ፤
እንደ ባዶ ስልቻ
ተነጠፈ ከእግሬ በታች።

ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ፤ ማርሹን እያስጮህሁ አወረድሁ፤
የእጅ ፍሬኑን ሳብሁ፣ እጀታውን ይዤ ቀረሁ።
ሎተሪ አዟሪው ዘለለ፤ ትኬቱ አየር ላይ ተበተነ፤
የማን እንደሆነ የማይታወቅ ዕድል አስፋልቱ ላይ በነነ።
ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ በመስታወቱ ውስጥ ራሱን አየ፤
እያነሰ፣ እያነሰ፣
ከገዛ መልኩ ተለያየ።

እቴነሽ አልጮኸችም። "ወደ አሸዋው" አለች፤
በአገጯ ጠቆመች።
ለእግረኛ መንገድ የከመሩት፣ ከቴዎድሮስ አደባባይ ከፍ ብሎ፣
በቀኝ በኩል ይጠብቀን ነበር፣ ሆዱን ነፍቶ፣ ተቆልሎ።
ገባንበት።
አሸዋው ያዘን። ሞተሩ አንዴ ሳል ብሎ ሞተ።

ሰው ተሰበሰበ። አንዱ አማተበ፣ አንዱ ስልኩን አወጣ።
ተንበርክኬ ከሥር አየሁ፤ የስንዴ ፍሬ የምታህል ቀዳዳ፤
ከእሷም ሽቅብ፣ አስፋልቱ ላይ፣ ቀጭን የዘይት መስመር፣
እስከ ማዘጋጃው ድረስ የተከተለኝ ዕዳ።

እቴነሽ ወርዳ ቁምሳጥኗን ዳሰሰች፤ መስታወቱ አልተሰበረም።
"ልጄ፣ ፍሬኑ እምቢ ያለህ መቼ ነው?" አለች። በድምጿ ቁጣ አልነበረም።
"አሁን" አልኋት። "አሁን፤ ማዘጋጃውን ስናልፍ።"
መስታወቱ ውስጥ አንድ ሰው
አፉን ሲከፍት፣ አፉን ሲዘጋ አየሁ።

ቋንቋችን ደግ ነው፤ ጥፋትን ለብረት ይሰጣል፤
"ፍሬኑ እምቢ አለ" ይላል፣ ሹፌሩ ነጻ ይወጣል።
ብረቱማ ሁለት ክረምት እሺ እያለ ነው ያገለገለኝ፤
እየሳሳ፣ እየረገፈ፣
በአንዲት ክር አንጠልጥሎ ያዋለኝ፣ ያሳደረኝ።
ስንሻውን እምቢ ያለው ሌላ ነው።

ማታ ደወልሁለት። "መዳቡን ግዛልኝ" አልሁት።
ዝም አለ። ከጀርባው መዶሻ ይሰማል።
ስንት ሜትር፣ አላለኝም።
"ማንን ጭነህ ነበር?" አለኝ።