ፍቺ

ኩልዲጋ፣ የካቲት ነው። ቬንታ ወንዝ በረዶ ለብሶ፣
አንዲት ሴት ሱቄ ገባች፣ ካፖርቷ ርሶ።
ከሹራብ ክሯ መሀል ጥቁር ዲስክ አወጣች፣
እንደ ታመመ ጫጩት በሁለት እጇ አቅፋ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«የባሌ ነው» አለች፤ «ኦያርስ ነበር ስሙ።
ኦርጋን ቃኚ ነበር። የየደብሩ ቧንቧ፣ ከነቅላጼው ከነሕመሙ፣
የሠላሳ አንድ ዓመት ድምፅ እዚህ ታጭቋል።
ቆልፎት ሞተ። ቁልፉን እሱ ያውቃል።
እኔ የምፈልገው አንዱን ነው፣ ከሁሉም ወፍራሙን፣
አምና በረዶ የከበደው ጣሪያ ወድቆ የሰበረውን፣
የታችኛውን ድምፅ። ሌላው ይቅርብኝ።»
ስሟን ጠየቅኳት። «ቬልታ በለኝ።»

የቁልፍ ነገር ሲነሳ ሰው ሁሉ በር ያስባል።
የተመሰጠረ ፋይል በር የለውም፤ ዙሪያው ግድግዳ ይሆናል።
ቢያዩት አሸዋ ነው፣ ቢዘግኑት አሸዋ፣
ቢደበድቡት አይናገር፣ ቢለምኑት አይሰማ፤ እንዲህ ያለ ጨዋ!

ሞከርኩ። የልደቱን ቀን፣ የውሻቸውን ስም፣
የደብሮቹን ሁሉ፣ የመዝሙር ቁጥር፤ አንዱም አልሆነም።
የሠርጋቸውን ቀን ስጽፍ አንገቷን ሰበረች፣
«እሱን እንኳ ተወው» አለች።

በሦስተኛው ሳምንት ልትጠይቀኝ መጥታ፣
የጓንቲ ጥለት ልታሳየኝ ፍላሽ ከኪሷ አውጥታ፣
«ይቺም የሱ ነበረች፤ ባዶ መስላኝ አጠፋሁና
ጥለቴን ጻፍኩባት» አለች። ዓይኔን አየችና
ዝም አለች።

ጠፋ የምንለው አይጠፋም፤ ሙያዬ ያስተማረኝ ይህን ነበር።
ስሙ ከመዝገብ ይፋቃል እንጂ ሟቹ እዚያው ነው፣
ሌላ ሬሳ መቃብሩ ላይ እስኪቀበር።
ከካልሲ ጥለት ሥር፣ ከአጋዘን ቀንድ ጥለት ሥር፣
ቁልፉን አገኘሁት፤ ስልሳ አራት ባይት ነበር።
ሁለቱ ብቻ የሉም። የፍላሹ ሴል ሞቷል፣
ሹራብን ብል እንደሚበላው በልቶታል።

ስልሳ አምስት ሺህ አምስት መቶ ሠላሳ ስድስት
ግምት አለው የሁለት ባይት ክፍተት።
በሰከንድ አንድ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ አስነሳሁት፣
ሾርባዬን ጠጣሁ፣ ወንበሬ ላይ አሸለብኩ፣ ማሽኑን ተውኩት።
አርባ አንድ ሺህ ካለፈ በኋላ፣ ሰማዩ ሳይነጋ፣
ተከፈተ፤ ድምፅ እንኳ አላሰማም፤ ረጋ።

መከፈቱን ለማረጋገጥ አንድ ፋይል መንካት ልማዴ ነው።
ዕድሌ ሆኖ የነካሁት ቧንቧ አልነበረም፤ ወረቀት ነው።
ለፍርድ ቤት የተጻፈ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆነው፤
«አመልካች፦ ኦያርስ። ተጠሪ፦ ቬልታ።»
የፊርማው ቦታ ባዶ ነው።

ፍቺውን ስፈልግ ሳምንት ሙሉ አድሬ፣
ስፈታው ፍቺ ሆነ፤ ምነው በቀረብኝ ያን ዕለት መሞከሬ።
ጽፎ፣ ሳይፈርም፣ ቆልፎ፣
እራት ሊበላ ቤቱ ገብቷል፤ አምሽቶ፣ ደጁን አልፎ።

ስትመጣ ምንም አልተነፈስኩ። ከጎረቤቴ ከሚንታውትስ
የሠርግ ስፒከሩን ተውሼ የታችኛውን ድምፅ ለቀቅኩላት።
በጆሮ አይሰማም ማለት ይቻላል።
ጠረጴዛው ግን ተንቀጠቀጠ፤ ብሎኖቼ በሳህናቸው ተንጫጩ።
ሁለት መዳፏን እንጨቱ ላይ አሳረፈች፣
ድምፁ እስኪያልቅ፣ ካለቀም በኋላ፣ አላነሳችም።

«ሌላስ ምን አለ?»
«ቧንቧ ብቻ» አልኳት።
«ወረቀቱስ?»

ብሎን መልቀም ጀመርኩ።

«ከማተሚያው ላይ አንስቼ ምድጃ የከተትኩት እኔ ነኝ» አለች።
«የት ደረሰ ብሎ አልጠየቀኝም፣ ለምን ጻፍከው አላልኩትም።
ከዚያ ወዲያ ስንት ዓመት ኖርን መሰለህ!» ልትስቅ ነበር፤ አልሳቀችም።

የካፖርቷን ቁልፎች ከታች ወደ ላይ ቆለፈች፤
አንገቷ ሥር ያለው ቁልፍ የለም፤ በእጇ ይዛ ዘጋች።
በሩ ላይ ደርሳ ስለ ፍላሹ መለስ ብላ፦
«ቁልፉን አታጥፋው። ጥለቴንም እንዳታጠፋብኝ፤
የግራው ጓንቲ ገና አላለቀልኝም።»