ነጭ ቁራ

ጥቅምት አለቀና ነፋሱ ሲሻገር
ጎርጎራ ወደብ ላይ የማናውቀው ሲበር
ዓሣ አስጋሪዎቹ «ነጭ ቁራ» አሏቸው፤
ለሚያልፉ እንግዶች ስም ማን ይቸራቸው።

ቀና ብሎ ያየ ጋሽ ጓንጉል ብቻ ነው፣
በናፍጣ የራሰው፣ ሞተር የሚፈታው፣
ክንዱ ላይ መልሕቅ በመርፌ የተወጋው።
ባሕር ኃይል ነበረ ምጽዋ በጉብዝና፣
ሀገርና ባሕር ሳይፋቱ ገና።

«የባሕር ናቸው እኮ!» ቁልፉ ከእጁ ጠፋ፤
«ከመርከባችን ኋላ ትራፊ ሲደፋ
እንዲህ ነው የሚያብዱት፣ ክንፍ ከክንፍ ሲጋፋ።»
«ታዲያ ምን ሊያደርጉ? የኛ ውሃ ጨው የለው።»
ዝም አለኝ።
ሞተሩ እንደተፈታ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራው ተበላሸ፤
የጥጋቡ ጀልባ ሳይጠገን መሸ፤
«ዕቃው ከጎንደር ነው፣ አልመጣም» እያልኩ
በየቀኑ ውሸት እኔ ስጠግን ዋልኩ።
እሱ ግን ይቆጥራል፦ አርባ አንድ፣ አርባ ሁለት፣
ያቺ አንድ እግሯ የለም፣ ሁሌም ለብቻ ናት።
ሚስቱ እናንዬ ደግሞ ምሳውን ስታመጣ
ግማሹ ወደ ውሃ፤ እሷ ስትቆጣ
(«ጤፍ በስንት ገባ? ብለህ ጠይቀሃል?»)
«ዘመድ ናቸው» ይላል፤ ደግሞ ይወረውራል።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ፣ ገና ሲቃረብ፣
አንዷ ወፍ ሞተች ተይዛ ከመረብ።
የአስጋሪው ልጅ መጣ በክንፏ አንጠልጥሎ፣
«ጋሼ፣ የርስዎ ናት፣ ይቺን እንኩ» ብሎ።
ተቀበለ። ውሃውን ከደረቷ ጠረገ፤
ዞር ብሎም ከሰው ፊት እንዲህ አደረገ፦
አንድ ላባ ነቅሎ ምላሱን አስነካ።
አይቼዋለሁ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ለካ
ጨው ነው የሚፈልገው፣
ያን ሁሉ ዓመት ሙሉ አፉ ላይ የቀረው።

«እህሳ?» አልኩት። «ምንም» አለ። ቆየና፦
«ጣና ጣና ይላል። ላባዋ ድረስ ጣና።»

ወፏን ከዋንዛው ሥር በአካፋ ቀበረ።
ላባው? እንጃ፤ ኪሱ ውስጥ ሳይሆን አልቀረ።
በማግሥቱ ማልዶ ሞተሩን ገጠመ፤
የጥጋቡ ጀልባ አስነጠሰ፣ ቆመ፣
ደግሞ አስነጠሰና ወደ ደቅ አዘገመ።

መጋቢት፣ አንድ ጧት፣ ወደቡ ጭር አለ።
«ቁራዎቹስ?» ብሎ የጠየቀ የለ።
ጋሽ ጓንጉል በክንዱ፣ በዚያ በመልሕቁ፣
ወደ ሰሜን ምሥራቅ ጠቆመኝ ከሩቁ፦
«እስከ ነገ ማታ ጨዉን ይልሳሉ።»
እውነት ይሁን እንጃ። ወፎች ምን ያውቃሉ።

«ቁልፍ አሥራ ሰባት» አለኝ፤ አቀበልኩት።
እሱ ከሞተሩ ሥር ገባ።
እኔ ሰማዩን ቆጠርኩት።