የሚያመው የቱ ጋ ነው?

ከሞላሌ ጎህ ሳይቀድ፣ በመጀመሪያው መኪና፣
ጉልበታችንን ሸፍነን በአንድ አሮጌ ባና፣
እኔና ይመኙሻል ደብረ ብርሃን ወረድን፣
ኮሌጅ ልንመርጥ። ውርጩ ጆሯችንን ቆንጥጦ ተቀበለን።
በግ ቢሆን ላቱን ዳብሼ፣ ጥርሱን ገልጬ እገዛ ነበር፤
ኮሌጅ ግን በምን ይዳበሳል? ከየቱ ጎን ይጀመር?

እኔ ወጌሻ ነኝ። ሠላሳ ዓመት በነዚህ ጣቶች
ገጥሜያለሁ ከአውድማ፣ ከበቅሎ የወደቁ አጥንቶች።
የሰው አከርካሪ በጨለማ እቆጥራለሁ፤
ስሙን አላውቅም እንጂ ቤቱን አውቀዋለሁ።
አምና ነው፣ ጤና ጣቢያ፣ አንዱ ጎረምሳ ባለ ነጭ ጋውን
«አባባ፣ ፈቃድ አለዎት?» ቢለኝ፣ ዘርግቼ አሳየሁት እጄን።
እሱም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ።
ይመኙሻል አልሳቀችም።
«ፊዚዮቴራፒ ይባላል አባዬ፣
ያንተው ሥራ ነው፣ ወረቀት ያለው» አለችኝ ማታ፣
ድንች እየላጠች፣ ቀና ሳትል ለአፍታ።

የመጀመሪያው ጠባሴ ነው፣ መስታወት በመስታወት፣
«መቶ በመቶ አሳለፍን!» ይላል ሸራው፣ ደጁ እንደ ሠርግ ቤት።
«ለሙያ ፈቃዱ ስንት ሰው አስፈተናችሁ?» አልኩ።
ልጁ ከረባቱን ነካካ። «አራት።»
«የተመዘገቡትስ?»
«ስልሳ... ስልሳ ሁለት።»
ወጣን።

ሁለተኛው አጽም አለው፣ ላስቲኩ ገና ያልተፈታ፤
«አይነካም፣ ለእንግዳ ነው» ይላል ጥበቃው በቁጣ።
ከሩቁ አየሁት፤ የግራ ጭኑን በቀኝ ሰክተውታል።
በዚህ እግር እንኳን ፈተና፣ የደጁን ደፍ መች ያልፋል?

ሦስተኛው ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ጀርባ፣ ቆርቆሮው የዛገ፣
መዝጋቢዋ ወይዘሮ አጸደ፣ ድምጿ በጉንፋን የታሸገ።
በሽተኛን እንደምጠይቅ ጠየቅኋት፦
«የሚያመው የቱ ጋ ነው?»
ዝም አለች።
ከዚያ መዝገቡን ገለጠች።
«ከሠላሳ አንድ፣ አሥራ ዘጠኝ አለፉ።
የአንገቱ ክፍል ነው የጣላቸው፤ እነዚህ ናቸው የተረፉ።
ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ፣ አናስከፍላቸውም።»
በቀይ የተሰመረ አሥራ ሁለት ስም።

አጽማቸው ከእጅ ብዛት ጠቁሯል፣
ጭራው ጠፍቶ የወይራ ቁራጭ ተተክሏል።
ዓይኔን ጨፍኜ ከአንገት ወደ ታች ዳበስኩት፤
ሁሉም በየቤቱ ነበር። ልጄ ስታየኝ ራሴን ነቀነቅሁት።

እሷ ክፍያውን ስትጠይቅ፣
ከጠረጴዛው የልምምድ ፈተና አነሳሁ፤ ፊደል ቆጥሬያለሁ።
ጥያቄ አርባ።
«ከዛፍ የወደቀ ሰው እግሮቼ ደነዘዙ ቢል፣
ሀ. ማሸት፤ ለ. መጎተት፤
ሐ. ሳያንቀሳቅሱ ወደ ሆስፒታል መላክ።»

ጣቴ «ሀ» ላይ ቆመ።
ወንድይራድ።
ከባሕር ዛፍ ወድቆ፣ በቃሬዛ ደጄ ያመጡት፣
«እግሬ የለም» እያለኝ በቅቤ ያሸሁት፣
ቀጥሎም የጎተትኩት።
እስከ ዛሬ አልቆመም። የእግዜር ሥራ ነው ብለው፣
ዶሮ ሰጥተው፣ መርቀውኝ ሄዱ፣ ተሸክመው።

«አባት፣ አመመዎት እንዴ?» አለች ወይዘሮ አጸደ።
የወይፈኑን ዋጋ ከመቀነቴ ፈትቼ፣ ቆጥሬ ሰጠኋት።
ስቆጥር ሁለቴ ተሳሳትኩ።

ማታ ብቻዬን ስመለስ፣ ባናውን ለልጄ ትቼላት፣
ጣርማ በር ላይ መኪናዋን ጉም ሲውጣት፣
አጠገቤ የተቀመጠው ሰው «ወጌሻው አይደሉም እንዴ?» አለና
ወገቡን ሊያሳየኝ ዞረ።
እጄን ከኪሴ አላወጣሁም።
«ወድቀህ ነው?» አልኩት።
«እግርህስ፣
ይሰማሃል?»