የኪስ

ማልሞ፣ ከጣቢያው ጀርባ፣ ያሮጌ መጻሕፍት ቤት፤
ጉንቦር ሁለት መዝገበ ቃላት አኖረችልኝ ከፊት።
ስዊድንኛ ከእንግሊዝኛ። «ያንተ ቋንቋ» አለች «የለም»፤
ግድ የለም፤
በጎረቤት ግቢ አቋርጦ ቤቱ የገባ እኔ ብቻ አይደለም።

ቀጭኑን አነሳሁ፤ ከደረት ኪሴ ልክክ አለ፣
ዋጋው ሃያ ክሮና፤ እንደ ክብሪት ቀለለ።
ልፈትነው ብዬ፣ ጠዋት አለቃዬ የጠራኝን ቃል፣
«ቪካሪ»ን ፈለግሁ፤ ጣቴ ከ«ቪ» ሥር ይዳክራል፤
«ቪክቲግ» አለ፤ «ዋና፣ አስፈላጊ» ማለት ነው፤
እኔን ግን ዘሎኛል።

ወፍራሙን ገለጥኩት። አለሁ! «በሰው ፈንታ የቆመ፣
ባለቤቱ እስኪመለስ።»
ከሥሬ የእርሳስ መስመር፣ የደበዘዘ፣ የከረመ፤
ከኔ በፊት አንዱ ምትክ፣ እዚህ ገጽ ላይ ደክሞት፣
ጣቱን አሳርፎ ሄዷል፤
ባለቤቱ መጥቶበት? ወይስ ራሱ ሆኖ ባለቤት?

ዋጋው ሰባ። ካፖርቴ ግን ግማሹን ብቻ ዋጠው፤
ጉንቦር ሳቀች፦ «የኪስ ይላል፤ የማንን ኪስ እንደለካ ማን ያውቀው?»

ቀጭኑን መለስኩላት።
ካፖርቴን ለልብስ ሰፊው ለሰናድ ወስጄ ሰጠሁት፤
በሰባ ክሮና ቃል ገዝቼ፣
በመቶ ኪሴን አሰፋሁት።