አራት ማኅተም

ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። መሳቢያው ሲከፈት
አራት ማኅተም አለ፣ የአንድ ትምህርት ቤት።

በፊተኛው አንበሳ፤ ከላህ ወንዝ ማዶ
ሣር ክዳን አንድ ክፍል፣ ከወንበር ባዶ።
በሁለተኛው ማረሻ፤
ቆርቆሮው የዚያን ጊዜ ነው፣ የገበሬ ማኅበር ድርሻ።
ሦስተኛው «ቁጥር ሁለት» ብቻ ይላል፣
ስም ማውጣት የሰለቸው ሰው ይመስላል።
አራተኛው አዲስ፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ገና
ፍኖተ ሰላም ሰፍታ የጤፉን ማሳ በላችና፣
ግቢው በግንብ ለሁለት ተከፈለ፣
በሩ ላይ ባጃጅ ተኮለኮለ።

ትናንት ልንገረው መጣ፣ ሽበቱን በባርኔጣ ሸፍኖ፣
«እንዲህ የሚባል ትምህርት ቤት የለም» ተብሎ፣
ከጡረታ ቢሮ ባክኖ።
መዝገቡን ገለጥኩ፤ ዳሩን ምስጥ በልቶታል፣
ሒሳብ ስልሳ ሁለት፣ ጠባይ «መልካም» ይላል።

የትኛውን ልምታ? ደንቡ የሚያውቀው አዲሱን ነው።

አራቱንም መታሁ፣ በአራቱ ማዕዘን፣
መሐሉን ለስሙ ትተን።
ርእሰ መምህሩ ቢቆጣም ይቆጣ።

ቀለሙን እፍ እያለ ሲያደርቅ
ዋርካው ላይ ያለው ቸርኬ ተደወለ፤ የከሰዓት ፈረቃ።
ልንገረው ብድግ አለ፣
ባርኔጣውን አወለቀ፣
ሰልፍ ያለፈው መስሎት በቃ።