ሦስት ቀን ሐይቅ ዳር

ዓመት ሙሉ ቆጠብን፣ ከስኳር ከዘይቱ፣
ከትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ ከበዓል ሸመቱ፤
ሸምሱ በላስቲክ ላይ «ለሐይቅ» ብሎ ጽፎ፣
ብሩን ከቁም ሣጥን ጀርባ ላይ ለጥፎ።

ከኮምቦልቻ ወጣን ገና ሳይነጋጋ፣
አንዋር እጀርባዬ፣ ሙኒራ ከአልጋ
እንደተነሣች፣ ጫማ ሳታጠልቅ፣
በአንገቷ ጎማዋ፣ «ደረስን ወይ ሐይቅ?»

ደሴን አልፈን ወዲያ ቁልቁለቱን ስንወርድ፣
ብልጭ አለ ውኃው ከባሕር ዛፍ መንገድ፤
«ሰማይ ወድቆ አየሁ!» አለ አንዋር በጩኸት፣
መኪናው በሙሉ ሳቀ ተንከትክቶለት።
ያ ሳቅ ነው እንግዲህ ከጉዞው የቀረን፣
ከዚያ በኋላማ
ሌላ ነው የቆጠርን።

ማታውኑ ነው።
ሙኒራ ከቆሮሶው ሁለት ጉርሻ በላች፣
ሦስተኛው ሲመጣ ፊቷን አዞረች።
«በረደኝ» ስትለኝ እጄን ግንባሯ ላይ ባደርግ
ምድጃ ነው።
ከእኩለ ሌሊት ወዲህ ደግሞ ያ ታናሿ
ሆዱን ይዞ ተነሣ፤
አንሶላውን፣ ትራሱን፣ የራስ ሻሼን ሳይቀር
አዳረሰው።

ሸምሱ በስልኩ መብራት ባጃጅ ፍለጋ ወጣ።
እኔ አንዱን በጉልበቴ፣ አንዷን በደረቴ፣
ምላሴ ላይ አንድ ዱዓ ብቻ፣
እሱንም መሐሉ ላይ የምስተው።

የጤና ጣቢያው ተረኛ ካፖርቱን እንደተከናነበ
«ከየት ናችሁ?»
«ከኮምቦልቻ።»
«ለምን መጣችሁ?»
«ለመዝናናት።»
እንዲህ አልኩ። ራሴን ሰማሁት።
ሸምሱ ሳቀ፤
ሊያለቅስ ሲል የሚስቀውን ሳቅ።

የሰጡን አምስት ከረጢት ዱቄት፣ አንድ ሽሮፕ፣ አንድ ማንኪያ።
በየአምስት ደቂቃው፣ ከተፋም እንደገና።
ያን ሁሉ ውኃ ደጃችን አስተኝተን
በሃይላንድ የበጠበጥነውን
ሁለት ቀን በማንኪያ ቀዘፍነው።

ከመስኮቱ ብረት ወዲያ
የሰው ልጆች ይንቦጫረቃሉ፣
ጀልባው ወደ ገዳሙ ሄዶ ይመለሳል፣
ሙሽሮች ፎቶ ይነሣሉ።
ሙኒራ ትራሷን ተደግፋ ታያለች።
አትጠይቅም።
አለመጠየቋ ነው የገደለኝ።

የቤቱ ባለቤት እትዬ ይመኙሻል
አጥሚት ይዛ በሩን በክርኗ እየገፋች፣
«አብሽሪ» ትለኛለች፣ በኔው ቃል፤
«እኔ በእመቤቴ፣ አንቺ በነቢ፤
አንዱ በር ቢዘጋ አንዱ አይዘጋም።»
አንሶላውን ከእጄ ነጠቀችኝ።
«ሂጂ ፊትሽን ታጠቢ። ውኃው እዚያው ነው፣ አልሸሸም።»

ወረድኩ።
ውኃውን የነካሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፣
እሷ ያላየችውን የአንዋርን ሱሪ ይዤ።
መረብ ከሚፈታው ሰውዬ ራቅ ብዬ
ያለ ሳሙና አሸሁት።
ለብ ያለ ነው ሐይቁ፤
ትኩሳት ሲለቀው ገላ እንደሚሆነው።
አለቀስኩ አልልም። ፊቴን ታጠብኩ።

ስመለስ
አንዋር ሲሚንቶው ላይ፣
ሸምሱ በትንፋሹ የነፋለት ጎማ ውስጥ ተቀምጦ
በመድኃኒቱ ማንኪያ ወለሉን ይቀዝፋል።
«እማ፣ ጥልቅ ነው! ጫማሽን አውልቂ!»
አወለቅኩ።

በማግስቱ ጓዛችንን ይዘን ተሳፈርን።
ጎማው አልተነፈሰም፤ ሙኒራ እምቢ አለች፣
«የአባ ትንፋሽ እኮ ነው» ብላ እንዳቀፈች
ኮምቦልቻ ገባች።

አሁን ግድግዳችን ላይ ትምህርት ቤት የሣለችው ሐይቅ አለ።
አራት ማዕዘን ነው፣ ሰማያዊ፣
መሐሉ ላይ አራት ቋሚ ብረት።
መምህሯ በቀይ እስክሪብቶ
«ይህ ምንድን ነው?» ብላበታለች።
ሸምሱ መልሱን ሊጽፍ እስክሪብቶ ያነሣል፣
ያስቀምጣል።

ትናንት ግን ቁም ሣጥኑን ስጠርግ ከጀርባ፣
አየሁ ሃምሳ ብር በላስቲክ የገባ፤
«ለሐይቅ» ይላል ጽሑፉ።
ምንም ሳልናገር እዚያው መለስኩት፣
ከስኳሩም ቀንሼ
ዐሥር ብር ጨመርኩበት።